የጾም ድመት

ጫጩቶቹ የተፈለፈሉት መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ሦስት ታቃፊ የአበሻ ዶሮዎች፣ 31 ጫጩት። በ26ኛው ቀን ስንቆጥራቸው 12 ቀርተዋል።

ቦታው ቢሾፍቱ ነው፣ እኛው ግቢ። (ደብረ ዘይት ማለት ለሚቀናችሁ ደብረ ዘይት በሉት። እኔም ያመልጠኛል።) ለዶሮ እርባታ ከዚህ የተሻለ ከተማ ማግኘት ይከብዳል። የእንስሳት ክትባቱ የሚመረተው እዚህ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው እዚህ ነው። ትላልቆቹ የዶሮ እርባታዎችም ዙሪያችንን ናቸው። እኛ ግን በዚህ ሁሉ መሀል ተቀምጠን ጫጩቶቻችንን በየቀኑ አንድ ሁለት እያልን ስናስበላ ከረምን።

ግቢው ትልቅ አይደለም። ከፊት ቤቱ፣ ከኋላ በአጠናና በሽቦ የተሠራ የዶሮ ቤት አለ። ከጎኑ የጭድ ክምር፣ ሁለት እናት በጎችና አንድ ወጠጤ የሚያድሩበት ዳስ፣ እና መኖ የምናስቀምጥባት ትንሽ የቆርቆሮ ክፍል። በቀኝ በኩል የምንዋሰነው እማማ ከምንላቸው አሮጊት ጎረቤታችን ጋ ነው። ከጀርባችን ደግሞ ሉካንዳ አለ። የኋላ በሩ ወደ ቦዩ ይከፈታል። ይህን የሉካንዳ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በሽታ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ገብቶናል። የፈንግል ክትባት በጊዜው አስከትበናል። በሽታ ቢሆን ደግሞ ሬሳ ይገኛል፣ ከመሞታቸው በፊትም ክንፋቸውን ጥለው ጥግ ይይዛሉ። የእኛዎቹ ጠዋት ሲጭሩ የነበሩ ናቸው፣ ማታ ስትቆጥራቸው የሉም።

ተጠርጣሪዋም ከመጀመሪያው ታወቀች። ቡላ ድመት ናት፣ ግራ ዓይኗ ላይ ጠባሳ ያላት። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ጫጩት በአፏ ይዛ በአጥሩ ላይ ስትሻገር በዓይኔ አየኋት። ከዚያ በኋላ የጠፋ ጫጩት ሁሉ የሷ ሆነ። አንድ ጊዜ ያየ ሰው ክፉ ምስክር ነው። ያላየውንም ጨምሮ ይመሰክራል። እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት በድንጋይና በዱላ አለፈ። ባለቤቴ አንድ ባልዲ ውሃ በር ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች፣ ድመቷ በሌላ በኩል ትመጣለች። ውሻችን ደግሞ ከድመቶቹ ጋር ከታረቀ ቆይቷል መሰለኝ፣ ቀና ብሎ አይቶ ተመልሶ ይተኛል። የእህቴ ልጅ «ቃጭል እንሰርላት» አለች። በድመት አንገት ቃጭል ማን ይሰር የሚለውን ተረት ገና አልሰማችም። በነገራችን ላይ፣ ቃጭሉ ቢታሰርም ብዙ ላይረዳ ይችላል። እንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ የቤት ድመቶች ወደ ቤት የሚያመጡትን አደን ቃጭል አልቀነሰውም። ሥጋ የበዛበት ምግብ ግን በ36 በመቶ ቀንሶታል። ያኔ ይህን ባውቅ ነገሩ ቶሎ በገባኝ ነበር። ድመቷን እያባረርኩ ረሃቧን አልጠየቅኩም።

ሰባት ጫጩት ከጠፋ በኋላ ነው ደብተር የያዝነው። የእህቴ ልጅ ግማሽ የተጻፈበት የሒሳብ ደብተር ነው። አምዶቹ አራት ናቸው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የት፣ ስንት። በቀን አራት ጊዜ እንቆጥራለን። ጠዋት 1 ሰዓት ሲወጡ፣ 5 ሰዓት ላይ፣ 9 ሰዓት ላይ፣ ማታ 12 ሰዓት ሲገቡ። ሲመሽ ደግሞ በዶሮ ቤቱ ዙሪያ የተነፋ አመድ እንበትናለን። አመድ ላይ የድመት ኮቴ ክብ ነው። አራት ጣት ይታያል፣ ጥፍር አይታይም። ስትራመድ ጥፍሯን ትሰበስባለች። ውሻ ከሆነ ከጣቱ ፊት የጥፍሩ ነጥብ አብሮ ይታተማል።

ከዚያ በኋላ 12 ጫጩት ጠፋ። የነዚህን ሰዓት ስለምናውቅ ነገሩ መልኩን ቀየረ።

አራቱ የጠፉት በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ ላይ። ላባ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ድመትም የለችም። ሦስተኛው የጠፋ ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዷ እናት ዶሮ ድንገት ቀጭን፣ ረጅም ድምፅ አወጣች። ጫጩቶቹ በአንዴ ከመሬት ጋር ተጣበቁ። ቀና ስል ጭልፊት። ዶሮ ለሰማይና ለምድር የምታሰማው ማስጠንቀቂያ የተለያየ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ድመት ወይም ውሻ ሲመጣ ቆቆቆ እያለች ትደጋግማለች፣ ሰፈሩን ሁሉ ታስነሳለች። ለጭልፊት ግን ያቺን አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻ አውጥታ ጸጥ ትላለች። እንስሳት የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ቀድመው ያውቁታል። እኔ 40 ዓመት ዶሮ እያየሁ ጆሮ አልሰጠሁትም።

ስድስቱ የጠፉት ሲመሽና ሲነጋ ነው። ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ማታ፣ ወይም ጎህ ሲቀድ። እነዚህ የድመት ናቸው፣ አያከራክርም። አመዱ ላይ ኮቴዋ አለ። ግን እንዴት? በሩ ተቆልፏል። አንድ ጠዋት ተንበርክኬ ሽቦውን ሳየው መልሱ እዚያው ነበር። የተጠቀምነው ገበያ ላይ የዶሮ ሽቦ የሚባለውን፣ የንብ ሰፈፍ የሚመስለውን ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ አንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ቢጫ ጭገር የመሰለ ላባ ተጣብቋል። ሽቦው ራሱ ወደ ውጭ ተጎትቶ ሞላላ ሆኗል። ጫጩቶቹ ሲተኙ ሽቦውን ተደግፈው ነው የሚተኙት። ድመቷ መግባት አላስፈለጋትም። እጇን ሰድዳ ነው የምታወጣቸው።

የቀሩት ሁለቱ ናቸው ያሳፈሩኝ። ሌሊት፣ ከተቆለፈ ቤት ውስጥ፣ ሽቦው ሳይነካ ጠፉ። ውጭ አመዱ ላይ የድመት ኮቴ የለም። ውስጥ፣ ከመኖ ገንዳው ሥር ግን የሦስት ጣት ወርድ ያላት ቀዳዳ ነበረች። ዙሪያዋ ጥቁር ጥቁር የአይጥ ኩስ። ባለቤቴ ብረት ይዛ ስትቆፍር ጉድጓዱ ወደ መኖ ክፍሉ ይሄዳል። እዚያ ጫፍ ላይ የጫጩት እግር አገኘን። አይጥ ጫጩት ይጎትታል ሲባል ሰምቼ ነበር፣ አላመንኩም ነበር።

እንግዲህ ቁጥሩ ይህ ነው። ሰዓታቸውን ከምናውቃቸው 12 ውስጥ የድመት 6፣ የጭልፊት 4፣ የአይጥ 2። የመጀመሪያዎቹን ሰባት እግዜር ይወቀው። ግማሹን ድመት ወስዳለች፣ ያ እውነት ነው። ግማሹን ግን አልወሰደችም። ያቺኑ ድመት ብገድላት ደግሞ አይጡ በዝቶ ሁለቱ አምስት ሊሆኑ ይችሉ ነበር።

አሁን ወደ ሉካንዳው። በደብተሩ ላይ ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። እኛ እዚህ ግቢ ስንኖር ስምንተኛ ዓመታችን ነው። ድመቶቹም ያው ናቸው፣ ቁጥራቸው ከፍ ዝቅ ቢልም። ጫጩትም በየዓመቱ አሳድገናል። እንዲህ አልቆብን አያውቅም። ምን ተለወጠ? ሌላ ጊዜ የምናስታቅፈው ከመስቀል በኋላ ነበር። በ2016 ግን ዶሮዎቹ በየካቲት ተቀመጡ፣ እኛም እሺ አልን። ዓቢይ ጾም በ2016 የገባው መጋቢት 2 ቀን ነው። ጫጩቶቹ የተፈለፈሉት መጋቢት 6።

ሉካንዳው የጾሙን 55 ቀን ዝግ ነው። የሚሠራው ልጅ ጾሙ ካለቀ በኋላ ሳወራው «በሌላ ጊዜ ማታ ማታ ጅማትና ሳንባ እንወረውርላቸዋለን፤ ጾም መሆኑን ማን ይንገራቸው?» ብሎ ሳቀ። ለካ ከኋላችን ዓመቱን ሙሉ የሚቀለቡ ሰባት ድመቶች አሉ። በአንድ ቀን ቀለባቸው ተቋረጠ። በሰፈሩ ያለው ቤት ሁሉ ሽሮና ምስር ይበላል፣ ቆሻሻው ውስጥ አጥንት የለም። ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ እኛ ግቢ 31 ጫጩት ይንጫጫል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንላለን። እዚህ ግን እሷ አልመነኮሰችም። የጾምነው እኛ ነን።

ይህ የኔ ግምት ነው፣ ማስረጃዬም የአንድ ግቢ ደብተር ነው። ግን ሚያዝያ 27 ፋሲካ ዋለ፣ የሰፈሩ ሰው የዶሮና የበግ ሆድቃ ቦዩ ዳር ደፋ፣ ድመቶቹ ሁሉ ወደዚያ ሄዱ። ከፋሲካ ማግስት እስከ ግንቦት መጨረሻ ከቀሩት 12 አንድም አልጠፋም። አድገውም ነበር፣ ያ አብሮ ይቆጠር። ጫጩት ሁለት ወር አካባቢ ሲሞላት ለድመት አስቸጋሪ ትሆናለች። የደረሰችን ዶሮ ድመት ብዙም አትደፍርም። የአበሻ እናት ዶሮ ደግሞ ፊት ላይ ነው የምትወጣው።

ከፋሲካ በፊት ግን አንድ መጥፎ ነገር ሆኖ ነበር። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ከመንገዱ ማዶ ያሉ አንድ ጋሼ፣ የሳቸውም ጫጩት አልቆባቸው፣ የአይጥ መርዝ በሥጋ ለውሰው አጥር ሥር አስቀመጡ። ከዚያ በፊት ለኔም ነግረውኝ ነበር። «አንድ ሌሊት ነው፣ ትገላገላለህ» አሉኝ። አይሆንም አላልኳቸውም። ዝም አልኩ። ዝምታዬ እሺ ተብሎ ተቆጠረ መሰለኝ።

ሁለት ድመት ሞተ። አንደኛዋ የመንደር ድመት ናት። ሁለተኛዋ አንገቷ ላይ ቀይ ክር ያላት፣ የእማማ የልጅ ልጅ ድመት ነበረች። የሌላ ጎረቤት ውሻ ሦስት ቀን አረፋ ሲደፍቅ ቆይቶ ተረፈ። ቡላዋ ምንም አልሆነችም። ሥጋው ዶሮ የሚጭርበት ቦታ ላይ ቢወድቅ ኖሮ ደግሞ የሚሞተው ሌላ ነበር። እማማ ለሁለት ሳምንት ሰላምታዬን አልተቀበሉም። መርዙን ያስቀመጥኩት እኔ አልነበርኩም፣ ግን እሳቸው የሚያውቁት ድንጋይ ስወረውር ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በአጥሩ ላይ ሁለት የማናውቃቸው ወንዴ ድመቶች ታዩ። አንዱ ዳለቻ፣ አንዱ ቡራቡሬ። ሌሊቱን ሙሉ ይጣሉ ጀመር። ቦታው ባዶ ሲሆን ሌላ ይገባል። ምግቡና መጠለያው እዚያው ስላለ ነው። በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ደሴት ጫካ ውስጥ ይህንኑ በካሜራ አይተውታል። ጥቂት ጥቂት ድመት ሲያስወግዱ ቦታው ላይ የሚታየው የድመት ቁጥር ቀነሰ ሳይሆን ጨመረ። ድመትን ከአንድ ቦታ ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል፣ ግን ዋጋው ሌላ ነው። ደቡብ አፍሪካ ማሪዮን በምትባል ደሴቷ ላይ ለአይጥ ብላ ያስገባቻቸው ጥቂት ድመቶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወደ 3,400 ደረሱ። በሽታ ለቀውባቸው፣ ሌሊት ሌሊት በጠመንጃ አድነው፣ ወጥመድ አጥምደው የመጨረሻዋን ያስወገዱት በ1991 ነው። ያም ዙሪያዋ ውቅያኖስ በሆነ ደሴት። የኛ ሰፈር ዙሪያው ሰፈር ነው።

ሚያዝያ ማለቂያ ላይ ባለቤቴ ከጭዱ ክምር ውስጥ ጭድ ስትመዝ አራት የድመት ግልገሎች አገኘች። እኔ ብልጥ ነኝና በካርቶን ላወጣቸው እጄን ሰደድኩ። ከአራቱ ትልቋ የመሰለችኝ አውራ ጣቴን ነከሰችኝ። ትንሽ ናት፣ ግን ሁለት ጥርስ ጠልቆ ገባ።

ይህን የምጽፈው ለቀልድ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ከውሻ ቢሆንም ድመትም ታስተላልፋለች። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ታጠብኩ። በሰዓት ይዤ ነው፣ 15 ደቂቃ በጣም ረጅም ነው። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄድኩና ክትባቱን ጀመርኩ። በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ነው፣ መሀል ላይ «ደህና ነኝ» ብሎ ማቋረጥ የለም። ነርሷ «ደግሞ ለድመት ብለህ?» አለችኝ። ለጫጩት ነው አልኳት።

ግንቦት 9 ቀን ከሁለቱ እናት በጎች አንዷ ጨነገፈች። ሊደርስላት አንድ ወር ገደማ ቀርቷት ነበር። የእንስሳት ሐኪሟን ጠራናት። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ መኖው አልነበረም። «ድመት አለ እዚህ?» አለች። ጭዱን አሳየኋት።

ያብራራችልን እንዲህ ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ አለ። በዓይን የማይታይ እንቁላል መሳይ ነገሩን በኩሷ የምታወጣው ድመት ናት። ሁሌ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የምታወጣው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዛት ነው፣ አይጥ መብላት በጀመረችበት የልጅነት ዕድሜዋ። ለአንድ ሁለት ሳምንት፣ ግን በሚሊዮኖች። ወዲያው አይበክልም፣ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ውጭ መቆየት አለበት። ከዚያ በኋላ እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። እርጉዝ በግ ለመጀመሪያ ጊዜ በተበከለ መኖ ከተያዘች ልትጨነግፍ ትችላለች። አሮጊቷ ድመት ብዙም አታሳስብም። ግልገሎች ጭድ ውስጥ ሲያድጉ ነው ችግሩ። የኛ ግልገሎች እዚያው ጭድ ላይ ነበሩ፣ በጎቹም የሚበሉት ያንኑ ጭድ ነበር።

«ግን ይህ ነው አልልም» አለች። ሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል፣ ብሩሴሎሲስም አለ፣ ምት ሊሆን ይችላል። የደም ምርመራ ካልተደረገ በዓይን አይለይም። እኛም አላስመረመርንም፣ ስለዚህ ይህን ድመቶቹ መዝገብ ላይ አልጻፍኩትም። ሁለት ነገር ግን ወዲያው አዘዘች። የወጣውን ጽንስና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ እንዳንነካ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ኖራ ጨምረን እንድንቀብር። ሁለተኛ፣ የወንድሜ ሚስት እኛ ጋ ነበረች፣ አምስተኛ ወሯ ነው። እሷ ወደ በጎቹ ዳስ እንዳትደርስ፣ ጓሮ ያለውን ሰላጣም ስትበላ በደንብ እንድታጥበው፣ ጥሬ ሥጋም እንዲቀርባት። ተሕዋሱ ለጽንስ አደገኛ ነው። ክትፎው ነው ያከራከራት።

ከዚህ በኋላ ነው ሥራ የጀመርነው።

የዶሮ ቤቱን አፈረስነው። ከመሬት እስከ ወገብ ድረስ ቀዳዳው ከአንድ ሴንቲ ብዙም የማይበልጥ፣ የተበየደ ጠንካራ ሽቦ አደረግንበት። ውድ ነው፣ ስለዚህ ከወገብ በላይ አሮጌውን ተጠቀምን። ሽቦውን 30 ሴንቲ ያህል ወደ ውጭ አጥፈን ከመሬት ሥር ቀበርነው፣ አይጥ ሲቆፍር እንዲያገኘው። ጣሪያው ክፍት የነበረበትን ቦታ ዘጋን፣ ድመት ከቁመተ ሰው ከፍታ አጥር ላይ ያለ ችግር ትወጣለች። ከበሩ ሥር ዘጠኝ ሴንቲ ክፍተት ነበር። ለካ ስንቆልፍ የኖርነው ከላይ ብቻ ነው። መኖውን ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ከተትን። ጭዱን በሸራ ሸፈንንና ጎንና ጎኑን በድንጋይ ያዝነው።

ለጭልፊቱ መፍትሔ የሰጠን ሐይቁ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ያረጀ መረብ ይጥላሉ። ለቡና ብለን ትንሽ ከፈልናቸውና ጫጩቶቹ የሚውሉበት ቦታ ላይ በአጠና ወጠርነው። ከሁሉም ርካሹ፣ ከሁሉም ፈጥኖ የሠራው እሱ ነው። ጭልፊቱ ሁለት ቀን ዞሮ ሄደ።

ድመቶቹ ቀሩ። ይህኛው ያለ እማማ አይሆንም ነበር። ባለቤቴ ስኳርና ቡና ይዛ ሄደች፣ እኔ ከኋላ ከኋላ።

«አንተ ልጅ፣ ድመት ባትኖር አይጥ ጤፌን ጨርሶልኝ ነበር» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ልክ ነዎት እማማ። የኔንም ጫጩት አይጥ ወስዷል።»

ይህን አልጠበቁም። ደብተሩን አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፣ ግን የእህቴ ልጅ የሳለችውን አይጥ አይተው ሳቁ። በሁለት ነገር ተስማማን። እሳቸው ድመቶቹን የሚያበሉት ሲመሽ ነበር፣ ያገኙትን ትርፍራፊ በጠበል ጻዲቅ ጣሳ። ከዚያ ወዲህ 11 ሰዓት ላይ፣ እሳቸው በረንዳ ላይ፣ እኛ የምናመጣው የዓሣ ጭንቅላት ተቀቅሎ ሆነ። በጾሙም ሳይቋረጥ። ጫጩት በሚገባበት ሰዓት ድመቶቹ ጠግበው አጥር ላይ እንዲተኙ ነው ሐሳቡ። ቅልቡን ከናካቴው ማቆም የሚሻል ይመስላል፣ እኔም መጀመሪያ ያልኩት ያንን ነው። ግን ሉካንዳው እስካለ ድመቶቹ አይሄዱም። የሚቀረው መቼና የት እንደሚበሉ መወሰን ነው። አንድ ቦታ ሲበሉ ደግሞ መያዝ ይቻላል።

ሁለተኛው ስምምነት መያዙ ነበር። ድመት በስድስት ወሯ አካባቢ ማርገዝ ትጀምራለች፣ ዘጠኝ ሳምንት ተሸክማ አራት ያህል ትወልዳለች፣ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ። ሐኪሟ ልታመክናቸው ተስማማች። ወጥመዱን በቀረው ሽቦ የሠራው የሰፈር በያጅ ነው። በሩ ስትረግጠው የሚወርድ ሳጥን ነው። ማጥመጃው የቆሮሶ ዓሣ ጭንቅላት። ድመቷ ስትገባ በሩ ወርዶ ይዘጋል፣ እሷም እንደ እብድ ትሆናለች፣ ሽቦው ላይ ፊቷን ታደማለች። አሮጌ ጋቢ ጣል ሲደረግበት ግን በደቂቃ ውስጥ ጸጥ ትላለች። ጨለማ ያረጋጋታል። እጅ አይገባም፣ ይህን በአውራ ጣቴ ተምሬዋለሁ።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሦስት ሴትና ሁለቱን እንግዳ ወንዴዎች ያዝን። ሁሉም ተመክነው የእብድ ውሻ ክትባት ተከተቡ። ሐኪሟ ደንዝዘው ሳሉ የግራ ጆሯቸውን ጫፍ ትንሽ ቆረጠች። በብዙ አገር የተለመደ ምልክት ነው፣ የተመከነችዋን ከሩቅ ለመለየትና ዳግም እንዳትያዝ። እማማ በዚህ አዘኑ። «ምን አጠፋች ብላችሁ ጆሮዋን?» አሉ። ግልገሎቹን ሁለቱን ሰው ወሰዳቸው፣ አንዱ ሞተ፣ አንደኛዋ እኛ ጋ ናት። የነከሰችኝ።

ወንዴዎቹ ከተመከኑ በኋላ የሌሊቱ ጠብ ቆመ ማለት ይቻላል። ለዚያ ብቻ እንኳ እከፍል ነበር።

ጥቅምት 2017 ላይ ዶሮዎቹ እንደገና 24 ጫጩት ፈለፈሉ። ደብተሩ ቀጠለ። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ሦስት ጠፋ። አንዱ የውሃ መጠጫው ውስጥ ሰጠመ፣ ያ የኛ ጥፋት ነው፣ ጠጠር መጨመር ነበረብን። አንዱ በመረቡ ሥር ሾልኮ ወጥቶ ለጭልፊት ሆነ። ሦስተኛው አይታወቅም፣ ደብተሩ ላይ የጥያቄ ምልክት አለው። በጾመ ነቢያት ሉካንዳው ሥራ ሲቀንስ ጠብቄ ነበር። እማማ በረንዳ ላይ ድመቱ በዛ፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አልመጣም።

ቡላዋን ግን እስካሁን አልያዝናትም። ወጥመዱን ታውቀዋለች። ሌሎቹ ሲገቡ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ታያለች፣ በሩ ሲወርድ ተነስታ ትሄዳለች። ባለፈው ሳምንት ሆዷ ከፍ ብሎ አየሁት። የሉካንዳው ልጅም ጣሪያው ሥር ስትመላለስ አይቷታል። ዓቢይ ጾም በ2017 የሚገባው የካቲት 17 ነው።